ከታች የቆመው ሰው

በድረዲን ንብ አርቢው ዋሂዳን ላግባሽ ካላት ድፍን ዓመት ሆኖት ነበር። እሷ ግን እሺም እንቢም አላለችውም። «ቤትዎን በዓይኔ ሳላይ አፌን አልከፍትም» ነበር መልሷ። ይህን ሁሉ የሚነጋገሩት በስልክ ነው። እሱ ከየመን የያፊዕ ተራሮች በአንዱ፣ ስልክ በሚይዝበት ቋጥኝ ላይ ቆሞ፤ እሷ ዓደን፣ ተዋሂ ሰፈር፣ የሐጃ ኸዲጃ ወጥ ቤት ውስጥ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ ዓሣ እያጸዳች።

ነገሩን ለማያውቅ መግደርደር ይመስላል። አልነበረም። ዋሂዳ የሐርቡ ልጅ ናት፤ ወሎ፣ ከቦርከና ወንዝ ዳር። በአሥራ ሰባት ዓመቷ የዳሯት ባል ጅዳ ሄዶ፣ የቆርቆሮ ቤት እሠራልሻለሁ፣ የምትታለብ ላም እገዛልሻለሁ እያለ በየደብዳቤው ሲምልላት ሦስት ዓመት ኖረ። በአራተኛው ዓመት የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር፤ ፈትቻታለሁ ይላል። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ የሚመጣ ቃል የቱንም ያህል ቢጣፍጥ አይዋጥላትም። ጓደኞቿ ሲያሾፉባት «ከሩቅ ያለ ወንድ ሁሉ ቤት አለው» ትላቸዋለች።

ዓደን የገባችው ሁለቱ የመኖች አንድ በሆኑ በዓመቱ፣ በጅቡቲ በኩል፣ ፍየል በጫነ ጀልባ ነው። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። በቤት ሠራተኝነት ስትቀጠር አላህ መልካም ሰው ላይ ጣላት። ሐጃ ኸዲጃና «ዐሚ»፣ አጎቴ፣ እያለች የምትጠራቸው ባላቸው ሰላህ ልጆቻቸው ባሕር ማዶ የቀሩባቸው ሽማግሌዎች ነበሩ። ዐሚ ሰላህ ሠላሳ አምስት ዓመት በወደቡ ጎታች ጀልባዎች ላይ ቦሰን፣ የመርከበኞች አለቃ፣ ሆነው የሠሩ፣ ከእንግሊዞች ዘመን የቀረች «ኦልራይት» የምትባል ቃል ከአፋቸው የማትጠፋ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ሰው ናቸው። የዋሂዳን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማዋን፣ በየዓመቱ ራሳቸው ተሰልፈው ያሳድሱላታል። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከሱብሒ ሶላት በኋላ የምታደርገው ዱዓ አንድ ነበር፤ ጌታዬ ሆይ፣ የራሴ የምለው ደጃፍ ስጠኝ።

በድረዲን የባቲ ሰው ነው። ሚስቱ ሞታበት ወደ ሳዑዲ በእግሩ ሲያቀና ያፊዕ ተራራ ላይ እግሩ ተሰበረ። ያስታመሙት ገበሬዎች ንብ አያያዝ አስተማሩት፤ እግሩ ሲድን መሄዱን ተወው። በዓመት ሁለት ጊዜ የቁርቁራ ማር ይዞ ወደ ዓደን ይወርዳል። ሐጃ ኸዲጃ ደንበኛው ናቸው። ዋሂዳ በሩን ስትከፍትለት ገና ከአነጋገሯ የአገሩን ሰው አወቀ፤ ከዚያ ወዲያ ማሩን ሲያስረክብ ይዘገይ ጀመር። ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት እንዳለው፣ አርባ ቀፎ እንዳለው፣ ምንጩ ከደጃፉ እንደሚፈልቅ ነገራት። ቀፎም፣ ቤትም፣ ምንጭም። ከዚህ በፊት ላምና ቆርቆሮ የሰማ ጆሮ ምን ይበል?

በአገሯ ወግ ቤት የሚያየው የሴቲቱ አባት ወይም ወንድም ነው። አባቷ ሞተዋል፤ ወንድሟ ሐርቡ ነው ያለው። ስለዚህ ወንድሟ በስልክ ዐሚ ሰላህን ወኪል አደረጋቸው። ሽማግሌው ውክልናውን የተቀበሉት ቆመው ነው፤ ልክ ካፒቴን ትእዛዝ እንደሰጣቸው።

«ስሚኝ ልጄ» አሏት ስልኩን ዘግተው። «እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ይህን ተራራ አንዴ እወጣዋለሁ። ሁለተኛ ውጣ ብትይኝ በቃሬዛ ነው የምትወስጂኝ። ስለዚህ መልስሽን እዚያው ሰጥተሽ ነው የምንወርደው። እሺ ከሆነ እሺ፣ እንቢ ከሆነም እንቢ። ሰውየውን ሌላ ዓመት ቋጥኝ ላይ አቁመሽ አታደርቂውም። ኦልራይት?»

«ኦልራይት፣ ዐሚ።»

ሐጃ ኸዲጃ ስንቅ ሲቋጥሩ አደሩ ማለት ይቻላል። «አደራ» አሏት በሩ ላይ፣ «ሽማግሌዬን እንደወሰድሽው መልሺው። አንቺስ ባትመለሺም አልቀየምሽም።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዞሩ።

ወሩ ነሐሴ ነበር። ዓደን በነሐሴ አየሯ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ነው፤ ሰው ላይ ተጠቅልሎ አይለቅም። ጎህ ሲቀድ ከሸይኽ ዑስማን መናኸሪያ ተሳፈሩ፤ ቆላውን አልፈው ተራራው ሥር ሲደርሱ ሌላ መኪና ቀየሩ። ረፋዱ ላይ ሾፌሩ አንድ ሸለቆ አፍ ላይ አቆመና «መንገዱ እዚህ አለቀ» አላቸው። ማታ ተራራው ላይ ዘንቦ ስለነበር ሸለቆው ውስጥ ውኃ ይወርዳል። በድረዲን ዱላውን ተመርኩዞ፣ ነጭ ቆቡን አጥልቆ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሸሚዙ ገና የመታጠፊያው መስመር አልጠፋም።

ሰላምታ ተለዋወጡ። የዐሚ ሰላህን ቦርሳ ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገ።

«ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» አሉ ሽማግሌው።

«በእኔ እርምጃ ሁለት ሰዓት።»

«በእኔስ?»

በድረዲን አያቸውና «ስንቅ ይዛችኋል አይደል?» አለ።

መንገዱ ከውኃው ጋር እየተገናኘና እየተለያየ ሽቅብ ይወጣል። ግራና ቀኙ ከታች እስከ ላይ እርከን ነው፤ ድንጋዩን ማን እንደካበው የሚያስታውስ ሰው የለም። እርከኑ ላይ ቡናና ማሽላ በቅሏል። የዝንጀሮ መንጋ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ መንገደኞቹን እንደ ዳኛ ያያል። ዋሂዳ አሥር እርምጃ እንደሄደች ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። ዓደን ውስጥ ውኃ ማለት ሲሻው የሚመጣ ሲሻው የሚቀር ቧንቧ፣ ጣራ ላይ የሞቀ በርሜል ማለት ነው። የሚሮጥ ውኃ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተጋጨ የሚስቅ ውኃ፣ ካየች አሥራ ስድስት ዓመቷ። እግሮቿ ግን አልረሱም ነበር። የቱ ድንጋይ እንደሚንቀሳቀስ፣ የቱ እንደሚችላት ሳታስብ ያውቁታል። ሳታውቀው ከልጅነቷ የምታውቀውን መንዙማ ማንጎራጎር ጀመረች፤ በድረዲንም ከፊት ሆኖ፣ ዞር ሳይል፣ አዝማቹን ተቀበላት።

«እናንተ ሰዎች» አሉ ዐሚ ሰላህ ከኋላ እያለከለኩ፣ «ትንፋሻችሁን ከየት ነው የምታመጡት?»

የመጀመሪያው መሻገሪያ ላይ ደረሱ። ውኃው ቁርጭምጭሚት አለፍ ቢል ነው። ዐሚ ሰላህ ዳር ላይ ቆመው ያገለደሙትን ፉጣ እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ፤ ግን አልገቡም።

«ምነው?» አለች ዋሂዳ።

«ባሕር ላይ ውኃው ባለበት ይቆማል፣ እኛ እንሄዳለን። ይኼ ተገላቢጦሽ ነው። ውኃው እየሄደ እኔ ልቁም?»

«ሠላሳ አምስት ዓመት ባሕር ላይ ኖረው ይህን ይፈራሉ?»

«ሠላሳ አምስት ዓመት ባሕር ላይ ስኖር እግሬን አንድም ቀን አላረጠብኩም። ጥሩ ቦሰን ማለት እሱ ነው።»

በድረዲን እየሳቀ ውኃው ውስጥ ገባ፤ መሻገሪያውን አልፎ በወራጁ በኩል፣ ታች ቆመና ዱላውን ወደ ላይ ዘረጋላቸው። ዋሂዳ የአባያዋን ጫፍ ከመቀነቷ ሸጎጠች፤ ከውስጥ ሱሪ ለብሳለች። ቢስሚላህ ብላ ገባች። ዱላውን ለመያዝ ስትዘረጋ ግን አንድ ነገር አየች፤ እጇ እዚያው ቀረ።

ሰውየው የቆመው ከታች ነው።

ሐርቡ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክረምት በሰኞ ገበያ ቦርከና ሲሞላ፣ ወንዶቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከላይ፣ ውኃው በሚመጣበት በኩል ይቆማሉ። ወንዙ መጀመሪያ የሚያገኘው የእነሱን ደረት ነው። ሴቱ፣ ልጁ፣ ፍየሉ ጉልበቱ በተሰበረው ውኃ ውስጥ ከበታቻቸው ይሻገራል። አባቷ ሁልጊዜ የላይኛው ጫፍ ላይ ነበሩ። «ልጄ» ይሏት ነበር፣ «ሰውን የሚያሻግር ከላይ ይቆማል። ከታች የቆመ ሌላውን ጋሻ ያደረገ ነው።» የመጀመሪያ ባሏማ በሠርጋቸው ሰሞን ጭራሽ ቀድሞ ተሻግሮ ከማዶ ሆኖ ነበር የጠበቃት። ያኔ ልጅ ስለነበረች አልገባትም፤ ደብዳቤው ሲመጣ ግን ወንዙ ትዝ አላት።

ዱላውን ሳትይዝ ተሻገረች፤ ዐሚ ሰላህ ይዘውት ተከተሏት። ምናልባት ሳያስብ ይሆናል ብላ አለፈችው።

ከዚያ በኋላ መንዙማው ቆመ። በድረዲን ሁለቴ ዞር ብሎ አያትና መንገዱን ቀጠለ። ሁለተኛው መሻገሪያ ጉልበት ይደርሳል፤ ውኃውም ጎሽቷል። ዋሂዳ ሆን ብላ ወደኋላ ቀርታ ጠበቀች። እሱም እንደገና ቀጥ ብሎ ወርዶ ከታች ቆመ። ዐሚ ሰላህ የዱላውን ጫፍ እንደ መርከብ ገመድ በሁለት እጃቸው ጨምድደው፣ በአየተል ኩርሲ እየታገዙ ተሻገሩ። ዋሂዳም ተሻገረች፤ ልቧ ግን ከወዲያ ማዶ ቀረ።

ከማዶ ባለ የሾላ ዛፍ ሥር ዐረፉ። ከወንዙ ውዱእ አድርገው ዙህርና ዐስርን አጣምረው ሰገዱ። ሐጃ ኸዲጃ የቋጠሩትን ዳቦ፣ ቴምርና የተቀቀለ እንቁላል ዘርግተው በሉ። ቦታው ያምር ነበር፤ ቅጠሉ ላይ የቀረው ዝናብ በነፋስ እየተራገፈ ራሳቸው ላይ ይወርዳል። በድረዲን ለሽማግሌው ሻይ ቀዳላቸው፣ የተላጠ እንቁላል አቀበላቸው፣ ጀርባቸውን የሚደግፉበት ለስላሳ ድንጋይ ፈለገላቸው። ዋሂዳ ይህን ሁሉ አየች። መልካም ሰው ይመስላል። ግን ሻይ ማቅረብ ለማን ያቅታል? ሰው የሚታየው ወንዝ ላይ ነው። ሱጁድ ላይ ሆና የለመነችውን ደጃፍ፣ አሁን ቁርስራሽ ዳቦ እያኘከች፣ በልቧ ቀስ ብላ ዘጋችው። እላይ ስንደርስ እንቢ እለዋለሁ አለች። በጨዋ ደንብ፣ አመስግኜ።

ሦስተኛው መሻገሪያ ላይ ሲደርሱ ዐሚ ሰላህ ተቀመጡ።

«እኔ እዚህ እኖራለሁ» አሉ። «አልፎ አልፎ ዳቦ ላኩልኝ።»

እውነታቸውን ነው። ሸለቆው እዚህ ላይ ይጠባል። ውኃው ጥልቅ አይደለም፤ ግን ከመሻገሪያው ስድስት እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ የሁለት ሰው ቁመት ያህል ይዘላል። ድምፁ ንግግር ያስቋርጣል። በድረዲን ቦርሳውን ማዶ አድርሶ ተመለሰና ወደተለመደ ቦታው፣ ወደ ታች፣ ለፏፏቴው ጀርባውን ሰጥቶ ሊቆም አመራ።

ዋሂዳ ከዚህ በላይ አልቻለችም። «ከላይ ይቁሙ» አለችው።

«የት?»

«ከላይ። ወንድ በሚቆምበት።»

አያት። «አልቆምም» አለ፣ ሳይቆጣ።

«እንግዲያው እኔ እቆማለሁ» አለችና ከዐሚ ሰላህ በላይ በኩል፣ ውኃው በሚመጣበት፣ ገባች። የሽማግሌውን የትከሻ ሻል አንዱን ጫፍ ወገባቸው ላይ አሰረች፤ ሌላውን በእጇ ጠቀለለች። አባቷ እንደሚያደርጉት ደረቷን ለወንዙ ሰጠች። ውኃው ጭኗን መታት፤ አልተንቀሳቀሰችም። ኩራት ተሰማት ብንል ሐሰት አይሆንም።

አምስት እርምጃ ሄዱ። ስድስተኛው ላይ ዐሚ ሰላህ አረንጓዴ ሙልጭልጭ ነገር የለበሰ ድንጋይ ረገጡ። አልጮኹም። ዝም ብለው ልክ ወንበር እንደቀረበላቸው ሰው ተቀመጡ፤ ፉጣቸው ውኃው ላይ እንደ ሸራ ተነፋ፤ ከዚያም መሄድ ጀመሩ። ዋሂዳ በሙሉ ኃይሏ ሳበች። ቋጠሮው ተፈታና ሻሉ ብቻውን፣ ባዶውን፣ ወደ እጇ መጣ። ከላይ ቆማ ዓይኗ እያየ፣ ሽማግሌዋ ወደ ፏፏቴው ሲንሸራተቱ ያላት ነገር ያ እርጥብ ሻል ብቻ ነበር።

በድረዲን ዱላውን ጣለ። ሁለት እግሩን ቋጥኝ ሥር ተክሎ፣ ደረቱን ዝቅ አድርጎ ጠበቃቸው። ዐሚ ሰላህ ቀጥ ብለው ወደ እቅፉ መጡ። ሁለቱም እስከ አንገታቸው ረጠቡ፣ ተንገዳገዱ፣ ግን ቆሙ። እንደ ሕፃን አቅፎ ዳር አወጣቸውና ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸው።

 ዐሚ ሰላህ ከጢማቸው ውኃ ጨምቀው «ሠላሳ አምስት ዓመት» አሉ፤ «ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ መርከብ ጎትቼ ወደብ አስገባሁ። እኔን ጎትቶ ያስገባኝ ግን ንብ አርቢ ነው።» ሳቁ ያዛቸውና ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ።

ዋሂዳ ግን ዳር ወጥታ ተቀመጠች። ሻሉን ገና አልለቀቀችውም።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ቆይታም፣ «ከላይ ይቁሙ ስልዎ ለምን እንቢ አሉ?»

በድረዲን ሸሚዙን እየጨመቀ ነበር። «ቦርከናን አውቀዋለሁ» አለ። «ሰፊ ነው፣ ለጥ ያለ ነው፤ ይገፋል እንጂ አይጥልም። እዚያ ከላይ የቆመ ሰው ጉልበቱን ይሰብረዋል። ይኼኛው ጉልበት የለውም፤ ክፋቱ ማንሸራተቱ ነው። የተንሸራተተን ሰው ከላይ ሆኖ ማን ይደርስበታል? እኔም እዚህ በመጣሁ ዓመት እንደ አገሬ ከላይ ቆሜ አህያዬን አሻገርኩ። ገመዱ እጄ ላይ ቀረ።»

«አህያዋስ?»

«ታች ኩሬው ውስጥ ቆማ ጠበቀችኝ። ምንም አልሆነችም። ግን ከዚያ ወዲህ አታምነኝም፤ ዛሬም ይህ ቦታ ስትደርስ ቀድሜያት ወደ ታች ካልሄድኩ እግሯን አታነሣም።»

ዐሚ ሰላህ እንደገና ሳቃቸው መጣ።

«ታዲያ ይህን ከመጀመሪያው መሻገሪያ ለምን አልነገሩኝም?» አለች ዋሂዳ።

«አልጠየቅሽኝማ። ፊትሽ ተለዋውጦ ነበር። ምን እንዳጠፋሁ አላወቅኩም። የተቆጣ ንብ ፊት ደግሞ ብዙ አይወራም፤ ቀስ ብሎ ሥራን መሥራት ነው።»

ፊቷን በእርጥቡ ሻል ሸፈነች። ስታለቅስ መስሏቸው ሁለቱም ደነገጡ፤ እየሳቀች ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጋሻ አደረገኝ ብላ የተቀየመችው ሰው፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ብትንሸራተት ሊይዛት ከታች ሲጠብቃት ኖሯል። አባቷም አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተችው በአንዱ ወንዝ ሕግ በሌላው ላይ የፈረደች እሷ ናት። አላህ የሽማግሌውን እግር ባያንሸራትት ኖሮ በጨዋ ደንብ አመስግና እንቢ ብላው ትወርድ ነበር። ይህን ስታስብ እንደገና «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ አሁን ጮክ ብላ።

«በመውደቄ ነው የምታመሰግኚው?» አሉ ዐሚ ሰላህ።

«በወደቁበት ነው፣ ዐሚ።»

ቤቱ ጋ የደረሱት ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቂያዋ ስታዘነብል ነው። ድንጋይ ነው፤ ሁለት ክፍል ነው፤ መስኮቶቹ ዙሪያቸውን በኖራ ነጭ ተቀብተዋል። ቀፎዎቹ ከእርከኑ ጥግ ተደርድረው ያጉረመርማሉ። በር ላይ የቁርቁራ ዛፍ ቆሟል። ዋሂዳ ዞራ ዞራ አየች፤ ግድግዳውን በመዳፏ ነካ አደረገች፤ ከዚያ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ምንጩስ? ከደጃፌ ይፈልቃል ብለውኝ ነበር።»

በድረዲን በጣቱ አሳየ። ቁልቁል፣ ከሦስት እርከን በታች፣ አረንጓዴ ነገር ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነበር።

«እሱ ደጃፍ ነው?»

«ከደጃፍ ይታያል» አለ ራሱን እያከከ።

«ዋሽተዋል ማለት ነው።»

«ትንሽ። ስልኩ ስለሚቆራረጥ አሳጥሬው ነው።»

ዐሚ ሰላህ የበድረዲንን ደረቅ ፉጣ ለብሰው፣ ትራስ ተደግፈው፣ ማር በቂጣ ሁለቴ ካስጨመሩ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፊታቸው የወኪል ፊት ሆነ።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ፣ «ሸሪዓው እንዲህ ነው። ልጃገረድ ብትሆኚ ዝምታሽ ይበቃኝ ነበር። አንቺ ግን አንዴ ያገባሽ ነሽ፤ በአንደበትሽ መናገር አለብሽ። ወንድምሽም በጆሮዎ ይስሙ ብሎኛል። ቤቱን አየሽ፣ ቀፎውን አየሽ፣ ሰውየውንም አየሽ። ምን ትያለሽ?»

ዋሂዳ ወለሉን እያየች «መጀመሪያ አንድ ነገር» አለች። «ሐጃ ኸዲጃ እናቴ ናቸው። በየረመዳኑ ወርጄ ከሳቸው ጋር አፈጥራለሁ።»

«እኔም አብሬ እወርዳለሁ» አለ በድረዲን። «የረመዳን ማር ማን ሊሸጥልኝ ነው?»

«ተስማምቷል» አሉ ዐሚ ሰላህ። «ቀጥይ።»

«እሺ ብያለሁ» አለች በለሆሳስ።

ሽማግሌው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «አልሰማሁም። ጆሮዬ ውስጥ ወንዝ ገብቷል።»

«እሺ ብያለሁ፣ ዐሚ።»

«እኔ ሰምቻለሁ» አለ በድረዲን።

«አንተን ማን ጠየቀህ? አንተማ ዓመት ሙሉ ሳትባልም ስትሰማ የኖርክ ነህ። ወኪሉ እኔ ነኝ። ልጄ፣ ሰው እንደሚሰማው አድርገሽ ተናገሪ።»

ዋሂዳ ተነሣች። በሩ ላይ ሄዳ ቆመች፤ ከማዶ እርከኑ ላይ ቡና የሚኮተኩቱ ሴቶች ጎንበስ ብለዋል። ሸለቆውን እያየች፣ በዓረብኛ፣ አሥራ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ዝቅ አድርጋ የያዘችውን ድምፅ ሙሉውን ለቀቀችው፤ በድረዲንን ለማግባት ፈቅጃለሁ አለች። ሴቶቹ ቀና አሉ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ አንዷ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሌሎቹም ተከተሏት፤ ተራራው ተቀብሎ መለሰው።

ዐሚ ሰላህ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሓ አነበቡ። አሚን ሳይባል ገና፣ ሴቶቹ መኮትኮቻቸውን ጥለው፣ ለከበሮ ያገኙትን ትሪ ይዘው፣ እየሮጡ ዳገቱን ወጥተው ደጃፍ ላይ ደርሰው ነበር።